ሩብ ሚሊ ሊትር፦ በጀርባ መርፌ ላይ ስለሚጨመሩ መድኃኒቶች

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ ስለ አንድ ትንሽ ነገር ላወራችሁ ነው የመጣሁት። ትንሽ ያልኩት ለይሉኝታ አይደለም፤ እውነትም ትንሽ ነው። በኢንሱሊን መርፌ ቢለካ ሃያ አምስተኛው መስመር ላይ ይቆማል፤ ሩብ ሚሊ ሊትር። በጠብታ ቢቆጠር አምስት ጠብታ ቢወጣው ነው። ይህቺ አምስት ጠብታ ፈንታኒል የሚባል ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ናት፤ በወገብ በኩል በሚሰጠው ማደንዘዣ ላይ ስትጨመር ምን እንደምታደርግ፣ ምን እንደማታደርግ፣ ሲሳሳቱባትም ምን እንደምታመጣ ነው የምሽቱ ወሬያችን። ከእናንተ መካከል ተማሪዎችና ነርሶች አላችሁ፤ ኦፕሬሽን ክፍልን በታካሚነት ብቻ የምታውቁትም አላችሁ። ለሁላችሁም በሚገባ ቋንቋ ለመናገር እሞክራለሁ። ባለሙያዎቹ «ይሄንንስ አቃለልከው» ብትሉኝ አልከራከርም።

በኦፕሬሽን የምትወልድ እናት አስቡ። ጀርባዋ ላይ መርፌ ተወግታለች። እግሯ ከብዷታል፤ በረዶ ጡቷ ድረስ ብናስነካት ቅዝቃዜው አይሰማትም። ሰርጀኑ ሲቆርጥ እሷ ከእኔ ጋር ጨዋታ ይዛለች። ልጁ ወጣ፣ አለቀሰ፤ እሷም አለቀሰች። ከዚያ ሰርጀኑ ማኅፀኑን ለመስፋት ከሆዷ ወደ ውጭ ሳብ ሲያደርገው ፊቷ ተለወጠ። እጄን ጨበጠችና «ዶክተር፣ ውስጤን እየጎተቱኝ ነው» አለች። ሌላዋ ደግሞ «ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ መሰለኝ» ትላለች። ሌላዋ ምንም ሳትል ያስመልሳታል። ቆዳዋ ደንዝዟል፤ ስንፈትሽም አልተሳሳትንም። ታዲያ ይሄ ሕመም በየት በኩል መጣ?

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለዚህ ጥያቄ የነበረኝ መልስ አንድ ብቻ ነበር፤ ዋናውን መድኃኒት ከፍ ማድረግ። ሁለት ሚሊ ሊትር ተኩል እሰጥ የነበረውን ሦስት አደርገዋለሁ። መጎተቱ ቀነስ ይላል፤ የደም ግፊቱ ግን ይወድቃል። ቀኑን ሙሉ የወደቀ ግፊት ለማንሳት ስሯሯጥ እውላለሁ። እናትየው ታቅለሸልሻለች፣ ከንፈሯ ይገረጣል፤ እኔ ሌላ መድኃኒት እወጋለሁ፣ ፈሳሽ እለቃለሁ። አንዱን ቀዳዳ ስደፍን ሌላው ይከፈታል። ጥፋቱ የመጠን ማነስ እንዳልነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ህብለ ሰረሰር ከአንጎል ወርዶ በአዋቂ ሰው በላይኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ያልቃል። ከዚያ በታች ነርቮቹ እንደ ፈረስ ጭራ ተበትነው በጠራ ፈሳሽ ውስጥ ይንሳፈፋሉ። መርፌያችን የሚገባው እዚያ፣ ህብሉ ካለቀበት ዝቅ ብሎ ነው። ብዙ ሰው «ህብለ ሰረሰሬን ሊወጉኝ ነው» ብሎ የሚፈራው ይህን ስላልነገርነው ነው። በመርፌው የምናስገባው ዋናው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ቡፒቫኬይን ይባላል። ሶዲየም ወደ ነርቩ የሚገባበትን በር ይዘጋል፤ ሶዲየም ካልገባ ነርቩ መልእክት ማስተላለፍ አይችልም። ችግሩ መድኃኒቱ አይመርጥም። ሕመም የሚያመጣውንም ነርቭ፣ እግር የሚያንቀሳቅሰውንም፣ የደም ሥሮችን አጥብቆ የደም ግፊትን የሚይዘውንም ያደነዝዛል። ብዙ በሰጠን ቁጥር ወደ ላይ ይወጣል፤ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ብዙ የደም ሥር ይለቃል።

ያቺን እናት የጎተታት ሕመም ደግሞ የቆዳ ሕመም አይደለም። የሆድ ዕቃ ሕመም ነው። በጣም ቀጫጭን በሆኑ ነርቮች ተሰብስቦ፣ በአንድ ቦታ ሳይሆን ተበትኖ ወደ ህብለ ሰረሰር ይገባል። ቆዳው ጸጥ ካለ በኋላ እንኳ አንዳንዱ ክር ሾልኮ ያልፋል። የሾለከው ሁሉ ወደ አንጎል ከመውጣቱ በፊት ግን የግድ የሚያልፍበት አንድ ጣቢያ አለ፤ በህብለ ሰረሰሩ ውስጥ የኋላ ቀንድ የሚባለው ቦታ። ከአካል የመጣው ነርቭ መልእክቱን ለሚቀጥለው ነርቭ የሚያቀብለው እዚያ ነው። ፈንታኒልና የእሱው ዓይነት ማስታገሻ የሆነው ሞርፊን የሚሠሩትም እዚያው ነው። አቀባዩን ዝም ያሰኙታል፤ ተቀባዩንም ያደነቁሩታል። በምንሰጠው ትንሽ መጠን እግር አያስሩም፣ የደም ግፊትም አይጥሉም። ቡፒቫኬይን መንገዱን ይዘጋል፣ ፈንታኒል ጣቢያውን ይይዛል። ሁለቱ ሲገናኙ የሚሰጡት ውጤት ከሁለቱ ድምር ይበልጣል።

«መጨመር» የሚለው ቃል የሚያሳስተው ለዚህ ነው። ሰው ሲሰማው ማደንዘዣውን ለማበርታት የምንጨምር ይመስለዋል። እኛ የምንጨምረው ለመቀነስ ነው። ከ12 እስከ 15 ሚሊ ግራም ቡፒቫኬይን የሚሰጣት እናት ከ10 እስከ 25 ማይክሮ ግራም (ማይክሮ ግራም የሚሊ ግራም ሺህኛ ነው) ፈንታኒል ሲታከልላት ወደ 10 ሚሊ ግራምና ከዚያም ዝቅ ማለት ይቻላል። ግፊቷ እንደ ቀድሞው አይወድቅም፣ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል፣ ያ መጎተት ብዙ ጊዜ አይሰማትም። ፈንታኒል ጨምሮ ቡፒቫኬይኑን እንደነበረ የሚተው ባለሙያ ግማሹን ጥቅም ጠረጴዛው ላይ ጥሎት ሄደ እላለሁ። ቅናሹም ልክ አለው። በጣም ዝቅ ያደረጉት ማደንዘዣ ቶሎ ይለቃል፤ ሰርጀኑ ዘገምተኛ ከሆነ ወይም ሆዱ ከቀድሞ ኦፕሬሽን የተጣበቀ ከሆነ ስፌቱ ሳያልቅ ማደንዘዣው ያልቃል። እኔ መጠን ከመወሰኔ በፊት ሰርጀኑ ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ይሄን ሰርጀኖች ባይሰሙ ደስ ይለኛል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው አውጉስት ቢር በኪል ከተማ የመጀመሪያውን የጀርባ ማደንዘዣ ለኦፕሬሽን የሰጠው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1898 ነው፤ መድኃኒቱ ኮኬይን ነበር። ከቀናት በኋላ እሱና ረዳቱ ሂልዴብራንት እርስ በርስ ተወጋጉ። በቢር ላይ ሲሞከር መርፌውና ሲሪንጁ ስላልተገጣጠሙ ፈሳሹ ፈሰሰና ሙከራው ከሸፈ። በረዳቱ ላይ ሲሠራ ግን ቢር ቅልጥሙን በመዶሻ መታው፣ በሲጋራ አቃጠለው፤ ሰውዬው አልተሰማውም። ማታውን እራት በልተው፣ ወይን ጠጥተው፣ ሲጋራ አጭሰው ተለያዩ። በማግስቱ የጀመረው ራስ ምታት ግን ሁለቱንም ለቀናት አልለቀቃቸውም። ያ ራስ ምታት ፈሳሹ በመርፌው ቀዳዳ ሲያፈስ የሚመጣ ነው፤ ዛሬ በቀጭንና ጫፉ እንደ እርሳስ በተሠራ መርፌ በእጅጉ ቀንሷል።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1901፣ ሩማንያዊው ራኮቪቻኑ ፒቴሽቲ ኮኬይኑ ላይ ሞርፊን ጨምሮ የሠራውን ፓሪስ ላይ አቀረበ። የዛሬው አጋዥ መድኃኒት አባት እሱ ነው ማለት ይቻላል። የተከተለው ግን አልነበረም ማለት ይቀላል፤ ሞርፊን ህብለ ሰረሰር ላይ ለምን እንደሚሠራ የሚያውቅ አልነበረማ። ሰውነት ለሞርፊን ዓይነት መድኃኒቶች ተቀባይ እንዳለው የተረጋገጠው በ1973 ነው። በ1976 ያክሽና ሩዲ የተባሉ ተመራማሪዎች ሞርፊን በቀጥታ ወደ አይጥ ህብለ ሰረሰር ሲገባ ሕመም እንደሚያስቆም አሳዩ። በ1979 በካንሰር ሕመም በሚሠቃዩ ሰዎች ላይ ተሞከረና ሠራ። የተሰጣቸው ግማሽና አንድ ሚሊ ግራም ነበር። ዛሬ ለወላድ የምንሰጠው የዚያ አንድ ሚሊ ግራም አሥረኛው ነው። መጠኑን እንዲህ ያወረደው የብዙ ሌሊት ድንጋጤ ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

አሁን በፈንታኒልና በሞርፊን መካከል ያለውን ልዩነት ላስረዳችሁ፤ ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይሄንን ያዙ። ልዩነቱ የጥንካሬ አይደለም። የስብና የውኃ ነው። ፈንታኒል ስብ ይወዳል። ነርቭ ደግሞ በስብ የተሸፈነ ነው። ፈንታኒሉ የአከርካሪው ፈሳሽ ውስጥ እንደገባ በአቅራቢያው ያገኘው ህብለ ሰረሰር ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ባለው ጊዜ ይይዛል፤ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ይቆያል። ከዚያ ደም ወስዶት ይሄዳል። ሞርፊን ውኃ ወዳድ ነው። ወደ ህብሉ የሚገባው በልመና ነው፤ ለመያዝ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ያልገባው ፈሳሹ ውስጥ ይቀራል፤ ፈሳሹም ቀስ ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ አንጎል ይዞት ይወጣል። ለዚህ ነው የሞርፊን ጥቅም 18 ሰዓት፣ አንዳንዴም ሙሉ ቀን የሚዘልቀው። ለዚህም ነው አደጋው የሚዘገየው። ትንፋሽን የሚያዝዘው የአንጎል ክፍል ጋ የሚደርሰው ሁሉም ሰው ተረጋግቶ ከተበተነ በኋላ፣ ከስድስት ሰዓት አንስቶ ባለው ጊዜ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ምርጫው ከዚህ ይወጣል። የምፈራው ሕመም ኦፕሬሽኑ ላይ ያለው ከሆነ ፈንታኒል። የምፈራው ሕመም ማታ፣ እናትየው ልጇን ታቅፋ ለመነሳት ስትሞክር የሚመጣው ከሆነ ሞርፊን። ሁለቱንም የምፈራ ከሆነ ሁለቱንም፤ አንዱ ሌላው እስኪደርስ ይጠብቅለታል። በኦፕሬሽን ለምትወልድ እናት ከ100 እስከ 150 ማይክሮ ግራም ሞርፊን ይበቃል። ከዚያ ማለፍ ሕመሙን እምብዛም አይቀንስም፤ ማሳከኩንና ማስመለሱን ግን ይጨምራል። ማር ሲበዛ ይመራል የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። አድሬናሊን በአካባቢው ያሉ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ዋናው መድኃኒት እንዲቆይ ያደርጋል፤ ከቡፒቫኬይን ጋር ግን ጥቅሙ እንደ ሌሎቹ ማደንዘዣዎች ጎልቶ አይታይም። ክሎኒዲንና የቅርብ ዘመዱ ዴክስሜዴቶሚዲን ማደንዘዣውን ያረዝማሉ፤ ማሳከክም አያመጡም። የሚያረዝሙት ግን የሕመሙን ብቻ ሳይሆን የእግሩንም መያዝ ነው፤ የልብ ምትንና ግፊትንም ያወርዳሉ። በዚያው ቀን በእግሩ ወደ ቤቱ ለሚሄድ ሰው አልመርጣቸውም። ዴክስሜዴቶሚዲን በመሠረቱ በደም ሥር ለማረጋጊያ ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒት መሆኑም መረሳት የለበትም። ማግኒዥየም ተሞክሯል፤ ለመያዝ ያዘገያል፣ ጥቂት ያራዝማል። ኒዮስቲግሚን ሕመም ያስታግሳል፤ ትውኪያው ግን ተስፋ ስላስቆረጠ ተትቷል። ኬታሚንና ሚዳዞላምም ተሞክረዋል፤ ነርቭን ይጎዱ ይሆን የሚለው ጥርጣሬ ስላልለቀቀኝ እኔ እጄን አላስገባም። አንዳንድ ወጣት ባልደረቦቼ ሦስት አራቱን ቀላቅለው መስጠት እንደ ጥበብ ያዩታል። ከሁለት በላይ አጋዥ በአንድ ሲሪንጅ ውስጥ ሳይ እኔ የሚታየኝ ጥበብ ሳይሆን ያልተወሰነ ሐሳብ ነው።

ከመድኃኒቱ ምርጫ ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ እጅ ነው። የሞርፊኑን ስሌት አብረን እንሥራ። አምፑሉ ላይ 10 ሚሊ ግራም በአንድ ሚሊ ሊትር ይላል። የምፈልገው 0.1 ሚሊ ግራም፣ ማለትም የአምፑሉን መቶኛ። ስለዚህ አንዱን ሚሊ ሊትር እንዳይበላሽ ተብሎ የሚጨመር መከላከያ ኬሚካል በሌለው ንጹሕ የጨው ውኃ አሥር አደርሰዋለሁ። አሁን እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር አንድ ሚሊ ግራም አለው። ከዚህ አንዱን ብቻ አስቀርቼ ዘጠኙን እደፋለሁ። የቀረውን እንደገና አሥር አደርሰዋለሁ። አሁን አንዱ ሚሊ ሊትር 100 ማይክሮ ግራም ነው። ሁለት ጊዜ ማቅጠን፣ ሁለት ጊዜ መድፋት። ሁለተኛውን የረሳ ሰው ሲሪንጁ ውስጥ የያዘው ያንኑ የጠራ ፈሳሽ ነው፤ መልኩ አይለይም፣ ሽታ የለውም፤ መጠኑ ግን አሥር እጥፍ ነው። ከሌሊት ሥራ በኋላ፣ ሰርጀኑ «አልደረሳችሁም ወይ?» እያለ፣ ይሄን መርሳት እንዴት ቀላል እንደሆነ አትጠይቁኝ። እኔ ራሴ አንድ ሌሊት ሲሪንጁን ይዤ «ደፍቻለሁ ወይስ አልደፋሁም?» ብዬ ቆሜ አውቃለሁ። ስላላስታወስኩ ሁሉንም ጥዬ ከአዲስ አምፑል ጀመርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስቀላቅል ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ፤ ከጎኔ ያለችው ነርስ እየሰማች ትደግማለች። መጀመሪያ ሰሞን ሳቁብኝ።

ፈንታኒሉ ቀለል ይላል። አምፑሉ በሚሊ ሊትር 50 ማይክሮ ግራም አለው፤ ሩቡ 12.5፣ ግማሹ 25 ነው። ያቺ መግቢያዬ ላይ ያነሳኋት አምስት ጠብታ እንግዲህ 12 ማይክሮ ግራም ተኩል ናት። በአምስት ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ እለካታለሁ የሚል እየገመተ ነው፤ በትንሿ፣ በአንድ ሚሊ ሊትሯ ትለካ።

መጠኑ ትክክል ሆኖ መድኃኒቱ ሌላ ሲሆንስ? ትራኔክሳሚክ አሲድ ደም መፍሰስ የሚቀንስ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ የሚሰጠው በደም ሥር ነው። አምፑሉ ከቡፒቫኬይን አምፑል ጋር ተመሳስሎ በስሕተት ጀርባ የተወጋባቸው ሰዎች አሉ። ወዲያው ጀርባና እግራቸውን ያቃጥላቸዋል፤ ከዚያ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥና የልብ ምት መዛባት ይከተላል። ከተዘገቡት መካከል ግማሽ ያህሉ ሞተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ማስጠንቀቂያ እስከማውጣት ደርሷል። ማስጠንቀቂያው ከጀርባ መርፌው ዕቃ ርቆ፣ በሌላ መደርደሪያ ይቀመጥ የሚል ቀላል ነገር ነበረበት። በ1947 እንግሊዝ አገር ደግሞ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሆስፒታል ሁለት ሰዎች ከጀርባ መርፌ በኋላ እግራቸው ሽባ ሆኖ ቀረ። ፍርድ ቤቱ አምፑሎቹ የተነከሩበት ጀርም ገዳይ፣ ፌኖል፣ በዓይን በማይታይ ስንጥቅ ገብቶ ነው አለ፤ ኋላ የመረመሩት ደግሞ ዕቃው የተቀቀለበትን ገንዳ ለማጽዳት የገባ አሲድ ነው የሚለውን አመኑ። ያም ሆነ ይህ፣ ያ ጉዳይ ብዙ ሐኪሞችን ለዓመታት ከጀርባ መርፌ አርቋቸዋል። ደም ሥር የተሰጠ ነገር በብዙ ሊትር ደም ይቀጥናል። እዚህ ግን መድኃኒቱ የሚገባው በትንሽ ፈሳሽ ወደተከበበ ነርቭ ነው። ስለዚህ መከላከያ ኬሚካል ያለበት ሞርፊን፣ ቀን ያለፈበት አምፑል፣ «ያው ነው» የተባለ ምትክ፣ ሁሉም እዚህ አይገቡም።

ሰዓቴ እያለቀ ነው፤ ወደ ጥያቄዎቻችሁ ልምጣ።

አንዲት እህት «ለልጁ አያሰጋም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። በጀርባ የሚገባው ፈንታኒል በደም ሥር ለአዋቂ ከሚሰጠው በጣም ያነሰ ነው። ከዚያም ወደ እናትየው ደም የሚደርሰው ትንሽ፣ ወደ ልጁ የሚያልፈው ደግሞ ከትንሽም ትንሽ ነው። ይልቅ ልጁን የሚጎዳው የእናቱ የደም ግፊት ወድቆ መቆየቱ ነው፤ እሱን ነው አጋዡ የሚያቀልልን።

ተማሪው ስለ ማሳከክ ጠይቀሃል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሞርፊን የወሰዱ ብዙዎች አፍንጫቸውንና ፊታቸውን ያካሉ። ብዙ ቦታ ወዲያው የአለርጂ መድኃኒት ይሰጣል፤ ይሄ ግን አለርጂ አይደለም። ከህብለ ሰረሰርና ከአንጎል የሚመጣ ማሳከክ ነው። የአለርጂ መድኃኒቱ ማሳከኩን እምብዛም አይነካውም፤ ታካሚዋን ግን ያስተኛታል። እኛ ደግሞ ሞርፊኑ አንጎሏ ላይ እየወጣ እንደሆነ የምናውቀው ከወትሮው በላይ ስትፈዝ ነው። ሌላ የሚያፈዝ ከሰጠናት ምልክቱን በገዛ እጃችን ሸፈንነው ማለት ነው። የከበደባት ከሆነ የሞርፊንን ሥራ የሚያከሽፈው ናሎክሶን በጥቂት በጥቂቱ ይሰጣል፤ ሕመም ማስታገሱን ሳያጠፋ ማሳከኩን ያበርዳል።

የመጨረሻው ጥያቄ ከኋላ የመጣው ነው፦ «ሞርፊን ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለምን ለሁሉም አይሰጥም?» መልሱ ያለው ኦፕሬሽን ክፍል ሳይሆን አልጋ ክፍል ነው። የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ሞርፊን በጀርባ የወሰደ ሰው ትንፋሹና ንቃቱ ለመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት ቢያንስ በየሰዓቱ፣ ለቀጣዮቹ 12 ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ እንዲታይ ይላል። ለጤነኛ ወላድና ለዝቅተኛ መጠን ላላ ያለ ምክርም አለ። በጣም ለሚያንኮራፋ፣ ዕድሜው ለገፋ፣ ሌላ የሚያስተኛ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ግን አይላላም። ስለዚህ መድኃኒቱን ከመቅዳቴ በፊት አልጋ ክፍል ሄጄ ዛሬ ሌሊት ስንት ነርስ እንዳለ እጠይቃለሁ። ትንፋሽ የሚቆጥር ሰው ካለ ሞርፊኑን እሰጣለሁ፤ የሰጠሁበትን ሰዓትም ካርዷ ላይ በትልቁ እጽፋለሁ። አንዲት ነርስ አርባ አልጋ ይዛ የምታድር ከሆነ ግን ፈንታኒሏን ብቻ ሰጥቼ፣ ለማታው ሕመም ሌላ ማስታገሻ አዝዤ እወጣለሁ።